እናቴን «እርስዎ» ያልኩ ዕለት

ባለፈው ክረምት እንጅባራ ገበያ ዳር ተጠልዬ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ አንድ ፈረሰኛ በአጠገቤ አልፎ የረጠበ ኮርቻና የፈረስ ላብ ሽታ ትቶልኝ ሄደ። ሽታው የአባቴ ነበር። የሰውዬውን ፊት ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ባየውም አይጠቅመኝም። አባቴንም በሕይወት ሳለ የማውቀው በፊቱ ሳይሆን በዚህ ሽታ፣ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በሚያሰማት ደረቅ ሳልና ግራ እግሩን ጎተት በሚያደርግ አረማመዱ ነበር። ፊት አይቼ ሰው መለየት አልችልም። ዓይኔ ጤነኛ ነው፤ አፍንጫም፣ ቅንድብም፣ ጥርስም አያለሁ፤ ዞር እንዳልኩ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል፤ ከወንዝ ዳር ያነሱትን ጠጠር መልሶ ከጠጠሮቹ መሃል እንደ መጣል ነው።

ቤታችን ከኮሶበር የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ከቀርከሃ ጥሻ ሥር ነበር፤ እንጅባራን የእኛ ሰው ዛሬም ኮሶበር ይላታል። ክረምት ለእኔ ደግ ወቅት ነበር። ጭቃው ሰውን ሁሉ በየቤቱ ስለሚያስቀምጠው እንግዳ አይመጣም፤ ያለነው አራት ብቻ ነን። እናቴን እስከ ወገቧ በሚወርደው ሹሩባዋና ሥራ ላይ ሆና በምታንጎራጉረው ድምጿ፣ በአራት ዓመት የምትበልጠኝን እህቴን የዝናን ደግሞ በሳቋ አውቃቸው ነበር። ምስጢሬን የደረሰችበት እሷ ናት። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ዝናባማ ቀን የእናቴን ጋቢ ተከናንባ በር ላይ ብትቆም «እማ፣ ራበኝ» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ ጠጋ ብላ አየችኝና «አንቺ፣ እውነትም አታውቂኝም እንዴ?» አለችኝ።

መስከረም ሲጠባ መከራዬ ይጀምር ነበር። መንገዱ ይደርቅና ዘመድ አዝማድ አዲስ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ እኔም አጎቴን እንደ መንገደኛ አልፌ፣ የመንገደኛውን ጉልበት ስሜ እመለሳለሁ። «ይህች ልጅ ሰው አታውቅም» ይሉኝ ነበር። ባለጌ ናት፣ ኩሩ ናት ማለታቸው ነው፤ ቃሉ ምን ያህል ልክ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልጠረጠሩም። የዝና መላ አወጣችልኝ። እጄን ይዛ አንዴ ከጨበጠችኝ የአባቴ ወገን ነው፣ ሁለቴ ከጨበጠችኝ የእናቴ፣ ካልጨበጠችኝ ባዳ ነው። እኔ ደግሞ በምላሹ የእሷን የውሃ ተራ እቀዳላት ነበር።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት።

«አባቴ ይሙት፣ አልናገርም!» ብላ ማለችልኝ።

አባቴ በታኅሣሥ ሞተ። ገብሱ ተወቅቶ ሳያልቅ ውጋት ያዘኝ ብሎ ተኛና ሦስት ቀን ሳይሞላው ሄደ። ለቀብሩ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጫግኒ እህል የሚነግደው አጎቴ መጥቶ ነበር፤ ማታ ከመደቡ ላይ ሆኖ እናቴን «ብቻሽን ሁለት ማሳደግ አትችዪም፤ አንዷን ስጪኝ፣ ለባለቤቴም ታግዛታለች። ትልቋ ትሁን» ሲላት ሰማሁ። የዝናም ከጎኔ ተኝታ ሰማች። ያን ሌሊት ስታለቅስ ያደረችው ለአባታችን ብቻ አልነበረም።

በሠልስቱ ግቢያችን በሴት ተሞላ። ሁሉም የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረው፣ ወገባቸውን ታጥቀው ተቀምጠዋል፤ በጥለቱ የማውቃቸው ጎረቤቶች እንኳ በአንድ ቀን ጠፉብኝ። አንዲት ሴት ቅል ውሃ አስይዛኝ «ለእናትሽ ስጫት፣ ጉሮሮዋ ደርቋል» አለችኝ። ሹሩባዋን ፈለግሁ፤ የለም። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። በመጨረሻ ከዳር፣ ፀጉሯን የተላጨች፣ የማላውቀውን ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት አየሁና አጠገቧ ጎንበስ አልኩ።

«እትዬ፣ እናቴን አላዩዋትም?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። አዘንኩላትና ቅሉን ዘረጋሁላት።

«እርስዎም ከጠማዎ ይጠጡ» አልኳት።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«እርስዎ አለቻት! የወለደቻትን እርስዎ አለቻት!»

«አባቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን እናቷን ካደች!»

«ኧረ ተዉ፣ ዓይነ ጥላ ነው፤ ጠበል ውሰዷት» አለች ሌላዋ፤ አሮጊቶቹ በአዊኛ እየተንሾካሾኩ አማተቡ። እናቴ ለሐዘኑ ያን ጠዋት ሹሩባዋን ተላጭታ ኖሯል። ለባዳ ትልቅ ሰው የሚባለውን ቃል፣ በአክብሮት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ለእናቴ ሰጥቼያታለሁ። ብሰድባት ይቀል ነበር፤ የሚሳደብ ልጅ ቢያንስ እናቱን ያውቃታል።

እናቴ ሦስት ቀን አልቅሳ በዘጋው ጉሮሮዋ «የዝና፣ ይህች ልጅ ምን ሆናለች?» አለች። ልቤ መለስ አለልኝ። የዝና መጥታ ከጎኔ ቆማ እጄን ይዛለች፤ የምታውቀው እሷ ናት፤ አሁን ትናገርልኛለች፣ መሐላውንም እኔው እለቅላታለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

«ምንም አልሆነችም፣ እማ» አለች የዝና። «ሆን ብላ ነው። እኔን ሁልጊዜ ታውቀኝ የለ? በሰው ፊት ልታዋርድሽ ነው።»

እጄን እንደያዘችኝ ነበር። አልጨበጠችኝም።

እናቴ አንገቷን ወደ ወንድሟ መልሳ «ትልቋ ትቅርልኝ። ይህችን ውሰዳት» አለችው።

ጫግኒ የገባሁት በበጋው ሙቀት ነው። የአጎቴ ሚስት የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፍ ስለነበር፣ ውሃ ከመቅዳት በተረፈኝ ሰዓት መርፌ አስያዘችኝ። እዚያ ነው አንድ ነገር የገባኝ፦ እኔ የጠለፍኩትን ቀሚስ የለበሰች ሴት አትጠፋብኝም። ስለዚህ ለአንዷ የሠራሁትን ለሌላዋ አልደገምኩም፤ ለአንዷ የገብስ ዛላ፣ ለአንዷ የቀርከሃ ቅጠል፣ ለሌላዋ የፈረስ ልጓም፤ ቀለሙንም አወራረዱንም እያለዋወጥኩ ሰዉን በክር ጻፍኩት። ዛሬ ዳንግላ ባለችኝ ሱቅ «የእሷ ጥልፍ አይመሳሰልም፣ ተሰጥዖ ነው» ይሉኛል። ተሰጥዖ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። እንዳያውቁብኝ ግን አመሰግናለሁ እያልኩ እቀበላለሁ።

እናቴ ከአራት ዓመት በኋላ አንዴ መጣች፤ ፀጉሯ አድጎ ነበርና ከሩቅ አወቅኋት። «እማ፣ ፊት አይያዝልኝም» ብዬ ልነግራት ሞከርኩ። «የሌላውስ ይሁን፣ የእናት ፊት ይጠፋል?» አለችኝ። እንዲሁ እንደተቀየመችኝ ሞተች። የዝና ግን እናቴ ቤት አድጋ፣ ተምራ፣ አስተማሪ ሆነች።

አምና ልጇን ልትድር ሱቄ መጥታ፣ ለሚዜዎቹ አሥር ቀሚስ በአንድ ዓይነት ጥልፍ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። «አንድ ዓይነት አልሠራም» አልኳት።

«ለእህትሽ ልጅ? ድሮም አንቺ ሰው አታውቂም!»

ሌላው ሁሉ ቢለኝ ችዬ ኖሬያለሁ። መቀሴን አስቀምጬ፣ ሙሽራዪቱ እየሰማች፣ የእጅ ጭበጣውንም የሠልስቱንም ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ልጅቷ ስልኳን ነካክታ «አክስቴ፣ ይህ ፊት አለመለየት እኮ የታወቀ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አለበት» አለችኝ። እናቷ ወለሉን እያየች ነበር። ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን እሁድ እሁድ ትደውላለች።

ይህ የስልክ ዘመን ለእኔ ጥሩ ነው። ፊት የለበትም፤ ሰው ሁሉ ሲያነሳ «ማን ልበል?» ይላል፣ የሚቀየምም የለም። በልጅነቴ ይህን መጠየቅ ቢፈቀድልኝ ኖሮ ከእናቴ ቤት ባልወጣሁ ነበር። ድምፅ ደግሞ አይጠፋብኝም፤ የእህቴን አተነፋፈስ እንኳ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ ገና ሳትናገር እለየዋለሁ።

«እኔ ነኝ» ትላለች።

«ማን ልበል?» እላታለሁ፤ ስሟን እስክትነግረኝም ድረስ እጠብቃለሁ።