አሥረኛው ቀይ ጨርቅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጅጅጋ ነው፤ ጦርነቱ አልፎ ሰው ወደየቤቱ በተመለሰ በሁለተኛው ክረምት። ብዙ ዘመን ሆነው፤ ጥርሴም አልቋል። ግን ሣር ላይ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ሣር ላይ መቀመጥ ደግሞ እወዳለሁ፤ ምን ላድርግ።

ባለቤቴ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአንድ ፈረንጅ አትክልተኛ ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ በእጅ የምትገፋ የሣር ማጨጃ መኪና ትቶለት ሄደ። በእሷ ነው ሥራ የጀመርነው። የመሥሪያ ቤቶችን ግቢ ሣር እናጭዳለን፣ አጥር እንከረክማለን፣ ቅጠል እንጠርጋለን። እሱ መኪናዋን ይገፋል፣ እኔ የቀረውን።

ጦርነቱ መጥቶ ወደ ሐረር ስንሸሽ አልጋችንን እንኳ እንዳለ ትተን ነው የወጣነው። መኪናዋን ግን ተሰማ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ቀበራት። ስንመለስ የቤቱ ቆርቆሮ ተነቅሎ ሄዷል፤ እሷ ግን ጉድጓዷ ውስጥ ተኝታ ጠበቀችን። ያን ቀን ልጅ የተወለደለት ሰው ነበር የሚመስለው። ጆንያውን እየፈታ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይስቃል።

ስለቷ ድንጋይ ከነካ ይሸረፋል። መለዋወጫ ደግሞ ጅጅጋ ይቅርና ሐረርም የለም። ስለዚህ እኔ ቀድሜ ሣሩን በእግሬ እየዳበስኩ እሄዳለሁ። ትንሹን ድንጋይ አንስቼ እጥላለሁ። መሬት የያዘው ትልቅ ድንጋይ ካጋጠመኝ አጠገቡ እንጨት እተክልና ከአሮጌ ቀሚሴ የቀደድኩትን ቀይ ጨርቅ አስርበታለሁ። ያኔ ፊደል አላውቅም፤ መሠረተ ትምህርት የገባሁት ኋላ ነው። እና ለእያንዳንዱ ጨርቅ ነጠላዬ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። በኋላ በዶማ ድንጋዩን ሳወጣ ቋጠሮውን እፈታለሁ። ቋጠሮ ካለቀ ድንጋይ አልቋል ማለት ነው፤ ተሰማ ይገባበታል።

መኪናዋ ስትገፋ የምታሰማው ኳኳታ ጆሮ ያደነቁራል። ስለዚህ እኔና እሱ የምንግባባው በምልክት ነበር። እጄን ካነሳሁ “ድንጋዩ ከበደኝ፣ ድጅኖውን ይዘህ ና” ማለቴ ነው። ከተቀመጥኩ “ደከመኝ፣ አንተም አረፍ በል” ማለቴ ነው። ሌላ ምልክት አልነበረንም። ለሣር ሥራ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

በዚያ ክረምት ተዘግቶ የቆየ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ሰጡን። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሰፍሮበት ነበር ይባላል። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ሣሩን በማጭድ አሳጥረን፣ የጓሮውን ድንጋይ ምልክት አድርጌ ጨረስኩ። ዘጠኝ ጨርቅ፣ ዘጠኝ ቋጠሮ። ከዚያ ዝናብ መጣና አራት ቀን ቤት ዋልን።

የግቢው ዘበኛ አዴር ፋራህ የሚባሉ ሽማግሌ ሶማሌ ነበሩ፤ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። አዴር ማለት አጎት ማለት ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ ትልቁም ትንሹን በዚያው ስም መልሶ ይጠራል። እኔ “አዴር” ስላቸው እሳቸውም “አዴር” ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት፣ ወደድኩትም።

በአምስተኛው ቀን ዝናቡ ቆመ። ሁልጊዜ በዋናው በር ነበር የምንገባው። ያን ቀን ግን መንገዱ ጭቃ ሆኖ የመኪናዋ ጎማ አልሄድ አለ። ተሰማ “በጓሮ በኩል አጥሩ ክፍት ነው፣ በዚያ እናስገባት” አለ። ገባን። አዴር ፋራህን ሰላም ሳንል ሥራ ስንጀምር የመጀመሪያችን ነበር።

ጤዛው እስኪደርቅ ድንጋዮቼን ማውጣት ያዝኩ። እያወጣሁ ቋጠሮ እፈታለሁ። ተሰማ ባጸዳሁለት በኩል መኪናዋን ይገፋል፤ ሄዶ ይመለሳል፣ ሄዶ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ወደ እኔ አንድ መስመር ይቀርባል።

ዘጠነኛውን ቋጠሮ ፈታሁ። ነጠላዬ ለሰለሰ። ቀና ስል ከፊቴ አንድ ቀይ ጨርቅ አለ።

ረሳሁ ማለት ነው አልኩ። አንዱን ሳልቋጥር ቀርቼ ይሆናል። ቋጠሮዬ ተሳስቶ አያውቅም ነበር፤ ግን ዓይኔ እያየ ቋጠሮን ማን ያምናል? ሄጄ ዶማዬን አነሳሁና አንዴ አሳረፍኩ።

የድንጋይ ድምፅ አልነበረም።

ዝናብ ያራሰው አፈር ተገፎ የብረት ድስት ክዳን የመሰለ ክብ ነገር ጠርዙ ታየ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ያኔ ጨርቁን ልብ ብዬ አየሁት። እኔ የማስረው በጨርቁ በራሱ ነው። ይህ በሽቦ ተጠምዝዟል። ቀዩም የቀሚሴ ቀይ አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ ጅጅጋ የነበረ ሰው ያንን ብረት ሳይነግሩት ያውቀዋል። አንድ ግመል ከነጭነቱ ሲበተን አይተናል።

ዶማውን እንደያዝኩ ደረቅኩ። መሮጥ አልችልም፤ ሌላ የት የት እንዳለ ማን ያውቃል። ኳኳታው ግን እየቀረበ ነው። ተሰማ አንገቱን ደፍቶ እየገፋ ይመጣል። “ተሰማ!” አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። እጄን ላነሳ ስል ምልክታችን ትዝ አለኝ። እጄን ካነሳሁማ ድጅኖውን ይዞ ይመጣል! ሁለት እጄን ባነሳ ደግሞ እየሮጠ ነው የሚመጣው።

ጫፍ ደርሶ ዞረ። ቀና ብሎ አየኝ።

ተቀመጥኩ።

ከዚያ ብረት አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በገዛ ዱካዬ ላይ፣ ቀስ ብዬ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ሲታጠፍ የጮኸው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ኳኳታው ቆመ።

“አንቺ ብርቄ!” አለ ተሰማ፣ ላቡን እየጠረገ። “ጀንበር ሳትሞቅ ደከመሽ? ባላባትነት ቀርቷል ሲባል አልሰማሽም እንዴ?”

መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ተጣብቋል። እሱ ይስቃል። ከኪሱ ሞረዱን አውጥቶ እንደ ልማዱ ስለቷን ሊሞርድ ተንበረከከ።

“እሺ እሜቴ፣ ውሃ ላምጣልሽ?” አለና ተመልሶ ብድግ አለ። ጆግ ይዞ ሁለት እርምጃ መጣ።

ያኔ ነው ድምፄ የወጣው። “እዚያው ሁን! በልጆችህ ሞት፣ እግርህን አታንሳ!”

እሱም ቆመ። ፀጥ ሲል ከሕንፃው ጥግ የአዴር ፋራህ ድምፅ መጣ። ለካ ሲጮሁ ቆይተዋል፤ መጀመሪያ ኳኳታው፣ ኋላም የተሰማ ሳቅ ነው የዋጠው።

“ጆግሶ! ቁሙ! ትናንት ወታደር መጥቶ ጨርቅ አሰረ፣ ነገ እናወጣለን ብሎ ሄደ። እኔ ከንጋት ጀምሮ ልነግራችሁ በር ላይ ቆሜያለሁ። እናንተ በየት ገባችሁ፣ ወላሂ!”

ተሰማ ጆጉን ለቀቀው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። “እኔ ነኝ በጓሮ ያልኩት” አለ፣ ደጋግሞ። “እኔ ነኝ በጓሮ ያልኩት።” ወደ እኔ ሊመጣ ሲል ሽማግሌው ተቆጡት። “አንተ የታጨደው ላይ ቁም! ሁለት ሬሳ ነው የምትፈልገው?”

“ተነሺ አዴር” አሉኝ ከዚያ፣ በለስላሳ ድምፅ። “በመጣሽበት ዱካ ተመለሺ። ጭቃው ላይ ይታያል።”

ይታያል። ግን እግሬ አልታዘዝ አለ። “አልችልም አዴር” አልኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ያንን የሚያነክስ እግራቸውን እያነሱ፣ በእኔ ዱካ ላይ ብቻ እየረገጡ መጡ። ዱካዬ ለእሳቸው እግር ጠባብ ነበር፤ በጣታቸው ነው የቆሙበት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ መሰለኝ። ሲደርሱ የከዘራቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ። ያዝኩ። እሳቸው የኋሊት፣ እኔ ወደፊት፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ወጣን።

የታጨደው ሣር ላይ ስረግጥ ተሰማ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ።

ከሰዓት በኋላ ወታደሮቹ መጥተው እዚያው አፈነዱት። የሕንፃው የጓሮ መስታወት አንድም አልተረፈም። ከዚያ ጨርቅ ወዲህ፣ ምልክት ካልተደረገበት ሣር ውስጥ፣ ሌላ ሁለት ትንንሽ ፈንጂ አወጡ። አንዱ ተሰማ ቀጥ ብሎ ቢመጣ ኖሮ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነበር።

አዴር ፋራህን እስኪሞቱ ድረስ ሳንጠይቃቸው ያለፈ በዓል የለም፤ የእነሱም የእኛም። ለምን እንደመጡልኝ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። “ከንጋት ጀምሮ ስጠብቅሽ ነበራ” አሉኝ።

ተሰማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሣር አጨደ። በቀይ ጨርቅ ግን አልሠራንም፤ ነጭ አደረግነው። እኔ ስቀመጥ መኪናዋን ያቆምና ሳይስቅ ያየኛል። “ደክሞኝ ነው” እስክለው ድረስ ስለቷን ሊሞርድ አይንበረከክም።

አሁን የልጅ ልጆቼ ሣር ላይ ቁጭ ስል “እማማ፣ ደከመሽ?” ይሉኛል። መጀመሪያ ከፊቴ ያለውን መሬት አያለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው እንዳለ አያለሁ። ማንም ከሌለ “አዎ፣ ደክሞኝ ነው” እላቸዋለሁ።