ለፊልም የጮኽሁት ኡኡታ

ጓደኛዬ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ጨርቅና ጨው ይሸጡ ነበር። የጎንደሩን መንገድ ሲጠግን የከረመ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚሠራ የፊልም መቅረጫ ትቶላቸው ሄደ። አንድ ጥቅል ፊልም ነበረው። እሷ ጎንደር ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ሲኒማ አይታለችና «እኛም የሚያስቅ እንሥራ» አለችኝ። እኔ እግሬ ቤት የማይቀመጥ ሴት፣ ለምን ብዬ እንቢ እላለሁ?

ታሪኩ አጭር ነው። ሌባ ዶሮ ሊሰርቅ ይገባል፤ ዶሮው ያመልጠዋል፤ እኔ በወጥ ማማሰያ አባርሬ ጭቃ ላይ እጥለዋለሁ። ሌባው ታናሽ ወንድሜ ነው። ፊቱን ጥላሸት ቀባነው፤ የእናታችንን ቀሚስ አለበስነው፤ ሲራመድ ብቻ ያስቃል። ወሩ ጥር ነው፤ ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ውሏል።

ወንድሜ ከብት ማጠጫው ጭቃ ላይ ወደቀ። እኔም ማማሰያዬን አንሥቼ ጮኽሁ።

«ይሄ ምኑ ጩኸት ነው? ጭራዋን የተረገጠች ድመት ነው የምትመስይው» አለች ጓደኛዬ፣ መቅረጫውን ከዓይኗ ሳታነሣ። «ሌባ ገብቶብሻል እኮ።»

«እንዴት ልበል ታዲያ?»

«ኡኡ በይ እንጂ።»

መቅረጫው ድምፅ እንደማይቀዳ ሁለታችንም አናውቅም። በእኛ አገር ደግሞ ኡኡታ ለጨዋታ አይሆንም፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ይዞ መሮጥ ግዴታው ነው። ደጋግሜ ለቀቅሁት።

መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤታችን ነው፤ ከአውድማው መንሹን እንደያዘ። ምንም አልጠየቀም። በመንሹ እጀታ የወንድሜን አፍ መታው፤ ጥርሶቹ ጭቃው ላይ ሲወድቁ አየሁ። ሌሎቹም ደረሱ፤ ዱላው እንደ ውቂያ ይወርድበት ጀመር። ወንድሜ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል፤ አፉ ደም ስለሞላ ቃሉ አይለይም።

«ቀሚስ ለብሶ ሴት ሊመስል» አለ አንዱ እየመታው።

«ተዉት» እያልሁ ብጮህ ጩኸቴ ጭራሽ አጋላቸው። ላዩ ላይ ተደፋሁበት። አንዱ ዱላ ክንዴን ሰበረው። ያን ጊዜ ጓደኛዬ መቅረጫውን በማንገቻው አወዛውዛ የጎረቤታችንን ግንባር ፈነከተችው። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ወንድሟ ነው! ስንጫወት ነው!» ብላ ጮኸችባቸው።

ጎረቤታችን ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ጎንበስ አለ። በጋቢው ጫፍ ጥላሸቱን ጠረገለት። አወቀውና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ወንድሜ ይተርፋል ያለ ሰው አልነበረም። አጎታችን ከይፋግ ጠመንጃቸውን አንግተው ሲደርሱ ገና ዓይኑን መግለጡ ነበር።

«ማነው የመታህ? ስሙን ብቻ ንገረኝ» አሉት።

ስም ከጠራ ሰው ይሞታል፤ የሟቹ ወንድሞችም ተመልሰው የሚመጡት ወደ እሱ ነው።

«እርስዎ የሚኖሩት ይፋግ ነው» አለ ወንድሜ፣ ቃሉ በባዶ ድዱ እየሾለከ። «ነገ የእውነት ሌባ ገብቶ እኅቴ ኡኡ ብትል ይደርሱላታል?»

አጎቴ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«እነሱን ከገደሉ ማን ይመጣላታል?»

አጎቴ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ደጃፍ ላይ ዋሉ። በማግሥቱ ጎረቤታችን ግንባሩን እንዳሰረ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። ድንጋዩን ከጫንቃው ያወረደለት ወንድሜ ነው፤ በእኔ ደህና ክንድ ተደግፎ ተነሥቶ። አጎቴ ይህን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ።