የመርከበኛው ዋስ

ከቤት የወጣሁበት ሌሊት ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት አደረ። ወድዶ እንዳይመስላችሁ፤ ሰዓት እላፊ ስለነበረ አንዴ ሊሰናበት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር። ግድግዳ ተደግፈው የሚያንጎላጁ ሰዎችን እግር እየተሻገርኩ ሻንጣዬን ስዘጋ ትዝ ይለኛል። እናቴ አስካለ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ሽሮና በርበሬውን ጠቅጥቃ ከጨረሰች በኋላ ለልብስ ቦታ ስለጠፋ፣ የአባቴን ካፖርት ለብሼ እንድሄድ ፈረደችብኝ። የምሄደው ደግሞ ወደ አሰብ ነው። የአሰብን ሙቀት የምታውቁ ሰዎች እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ፤ ሳቁ።

ወሎ ሰፈር ያደገ ልጅ ስለ አውሮፕላን ቢያልም ያምርበታል። ቦሌ የሚያርፈው ሁሉ ጣሪያችንን ሊገፈን ትንሽ ሲቀረው ነው የሚያልፈው። መርከብ ግን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ የመርከብ መሥሪያ ቤቱ ካዴቶች፣ ማለትም ወደፊት የመርከብ መኮንን የሚሆኑ ሠልጣኞች፣ እንደሚፈልግ ሰማሁና ተፈተንኩ። አለፍኩ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዋስ። ካዴቱ ባዕድ ወደብ ላይ ወርዶ ቢቀር በእሱ ምትክ ተይዞ የሚጠየቅ ሰው ማምጣት ግድ ነው።

አባቴ በሕይወት የለም። አጎቶች አሉኝ፤ አንደኛው አመመኝ አለ፣ ሌላው ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ በር ማለፍ ተወ። አልተቀየምኳቸውም፤ በዚያ ዘመን ለሰው መፈረም ቀልድ አልነበረም። የፈረሙልኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ፣ በአሰብ መስመር ፊያት ከነተሳቢው የሚነዱ ሾፌር ነበሩ። እነሱ በረመዳን፣ እኛ በሁዳዴ እየጾምን፣ በዓል ሲሆን እየተጠራራን የኖርን ጎረቤቶች ነን እንጂ ዝምድና የለንም። ቢሮ አብሬያቸው ገብቼ ስለነበር የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

"አባት፣ ልጁ ቢቀርስ?" አላቸው ጸሐፊው።

"ትጠይቁኛላችሁ። ዋስ ለምን ሆንኩ ታዲያ?"

"ዘመድዎ ነው?"

"ጎረቤቴ ነው። ሲያለቅስ እንቅልፍ ነስቶኝ ያደገ ልጅ ነው" አሉና ፈረሙ።

ሊነጋ ሲል በእሳቸው መኪና ተነሣን። እናቴ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችኝና አላለቀሰችም። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ነው ያለቀሰው፤ ያኔ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በናዝሬት አድርገን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ በሚሌ በረሃ ስንወርድ ጋሽ ሰይድ ብዙም አላወሩኝም። አሰብ ስንደርስ ግን ሞተሩን አጥፍተው ወደ ባሕሩ እያዩ፣ "እንግዲህ የእኔ መንገድ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ ወዲያ አንተ ነህ የምትነዳው" አሉኝ። ካፖርቴን አውልቄ ሰጠኋቸው። ባሕሩን ሳይ ያሰብኩትን ብናገር ታፍሩብኛላችሁ፤ ማዶውን ነበር የፈለግሁት። ደገኛ ነኝና ዓይኔ ሄዶ የሚያርፍበት ተራራ ይፈልጋል።

ሥልጠናው በመዋኘት ጀመረ። ከመካከላችን ከጉልበቱ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ባሕር የሚማርኩ ልጆች ነን ብለን መጥተን እንደ በግ ተገፍተን ነው የገባነው። ከዚያ ገመድ መቋጠር፣ ካርታ ማንበብ፣ ዝገት መፋቅ፣ ቀለም መቀባት ተማርን። መርከብ ማለት የሚንሳፈፍ ዝገት መሆኑን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ቡና ጭነን ወደ አውሮፓ ስንነሣ፣ ቀይ ባሕር ላይ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወከኝ። እህል አልቀመስ አለኝ። የመርከበኞቹ አለቃ፣ ቦትስን የምንለው፣ ኢድሪስ የሚባል የምጽዋ ሰው ነበር። መጥቶ ከላዬ ቆመና፣ "እናትህ ምን ሰጥታሃለች?" አለኝ። በሶ ስለው በጥብጦ አጠጣኝ፤ እሱ ብቻ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ኢድሪስ ራሱ ማታ ማታ "ያ መድኃኒት አለ?" እያለ ይመጣ ጀመር፤ ሳያመው።

ስለ መሪው ልንገራችሁ። ካፒቴናችን ጸጉሩ ጥጥ የመሰለ ዩጎዝላቪያዊ ሽማግሌ ነበር። አንድ ጠዋት መሪ እንድይዝ ተፈቀደልኝ። መርከብ የሚመራ ሰው ቆሞ፣ ፊት ፊቱንና ኮምፓሱን እያየ ነው የሚውለው። ካፒቴኑ ከኋላዬ ገብቶ "ጉድ ሞርኒንግ" አለ። እኔ ምን አደረግሁ? አሳዳጊ እንዳለኝ ላሳይ ብዬ መሪውን ለቀቅሁና ዞሬ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ቀና ስል ካፒቴኑ የለም። ዘሎ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ቡና የተሸከመች መርከብ ፊቷን ወደ የመን አዙራ ስትሄድ አየሁ።

"ከኋላህ ንጉሥ ቢገባ እንኳ አትዙር!" ብሎ ጮኸብኝ።

"ንጉሥማ የለንም፣ ሰር" አልኩት። በእውነት ለመሳደብ አልነበረም፤ ደንግጬ ነው። ኢድሪስ ሳቁን ይዞ ከብሪጁ፣ ከመሪው ክፍል፣ ወጥቶ ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰላም ማለት ተማርኩ። ሌላውን ሁሉ ከመማር ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው። ለእናቴ ስነግራት "ለሽማግሌ ጀርባህን?" አለች። ደመወዙም ይቅር ብላ ሥራውን ልታስተወኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

በዚያ ዓይነት ጥቂት ዓመታት አለፉ። ማርሴይ፣ አንትወርፕ፣ ሐምቡርግ እንደርሳለን፤ ወደብ በደረስን ቁጥር የሚቀር አይጠፋም። አልዋሽም፣ ልቤ ይቀር ነበር። ከተማዎቹ በመብራት ደምቀው፣ ሰው ሳይፈራ ሲያወራ፣ ማታ ያለ ሰዓት እላፊ ሲሄድ እያየሁ የማን ልብ አይቀር? ግን የጋሽ ሰይድ ፊት ይመጣብኛል፤ ተመልሼ እሳፈራለሁ። አሰብ ስንመለስ አንዳንዴ ጭነት ሲጠብቁ አገኛቸዋለሁ። "መጣህ?" ይሉኛል። "መጣሁ" እላቸዋለሁ። ከመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ዳቦ በሻይ እንበላለን። እኔ እንደዚያ ስመለስ የምኮራውን ኩራት በሕይወቴ ደግሜ አላገኘሁትም።

አንዱን ጊዜ ግን "መጣህ?" አላሉኝም። ክንዴን ይዘው ከሰው ራቅ አደረጉኝ።

"ግርማን ወሰዱት" አሉኝ። "ለብሔራዊ ውትድርና፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ።"

የት ወሰዱት ልል ስል ቀጠሉ።

"የእናንተን ኮርስ ልጆች ደግሞ ከመርከብ አውርደው ለባሕር ኃይል ሊሰጧችሁ ነው እየተባለ ነው። እዚህ ወደቡ ላይ ያላወራው የለም። ስማኝ ደረጀ፣ አሁን ስትሄድ ቅር።"

"ጋሼ፣ እርስዎስ? ዋሴ አይደሉም?"

"ነኝ።"

"ያስሩዎታል እኮ!"

ተቆጡ። ጋሽ ሰይድ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። "አንተ ልጅ፣ እኔ ዋስ የሆንኩት ለእነሱ ይመስልሃል? ፈርሜ ስመለስ እናትህ 'ልጄን አደራ' አለችኝ። ለእሷ ነው ዋስ የሆንኩት። አንተ ሞተህ እነሱ ቢያመሰግኑኝ ለአስካለ ምን ብዬ ነው በዚያ በር የማልፈው? አንዱ ይትረፍልኝ ብላለች። ተረፍላት።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ለቀም አድርገው ያዙኝ፤ "ሰው ያየናል" አሉ። ስንለያይ እንደ ወትሮው እንኳ አልተቃቀፍንም።

ሮተርዳም ነው የቀረሁት። ከመርከቧ ስወርድ ኢድሪስ ደረጃው አጠገብ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ከተማ ልዞር ነው አልኩት። ያበጠውን ኪሴን አየ፣ እላዬ ላይ የደረብኩትን ሁለት ሹራብ አየ፣ ከዚያ የራሱን ኮፍያ አውልቆ ራሴ ላይ አጠለቀልኝ። "ይበርዳል" አለኝ እንጂ ሌላ አልጠየቀኝም።

በዚያን ሰሞን የአገራችን ረሃብ በየቴሌቪዥኑ ይታያል። ጥገኝነት ስጠይቅ ጉዳዬን የያዘው ሆላንዳዊ ሰውዬ እኔን ካየ በኋላ ቅር አለው።

"ከኢትዮጵያ ነኝ ትላለህ። ግን አልከሳህም።"

"መርከብ ላይ ምግቡ ጥሩ ነበር።"

"ታዲያ ምግቡ ጥሩ ከሆነ ለምን ወረድክ?"

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለና "የሚያውቅህ፣ ስለ አንተ የሚመሰክር ሰው አለ?" አለኝ።

"አለ። ዋስ አለኝ።"

ደስ አለው። ብዕሩን አነሣ። "አድራሻው?"

ወሎ ሰፈር ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። የጋሽ ሰይድን ስም በባዕድ ቢሮ ወረቀት ላይ ማስጻፍ አስፈራኝ። "ረሳሁት" አልኩ። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠና፣ ዋሱን የረሳ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ።

ወረቀቱ እስኪሰጠኝ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ወደቡ አጠገብ የአንዲት ባልቴት ቤት ጣሪያ ሥር ክፍል ተከራየሁ። ሜቭራው ይሏታል፣ እመቤት እንደማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሕጉን ነገረችኝ፤ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ማስታወቅ አለብኝ።

"እንግዳው ራሱ እንደሚመጣ የሚያውቀው በር ላይ ሲደርስ ነው" አልኳት።

"ታዲያ ምን ሊያደርግ ይመጣል?"

"ሊያየኝ።"

"በስልክ አይጠይቅህም?"

ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። የመጀመሪያውን ሽሮ የሠራሁ ዕለት እየሳለች መጥታ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፤ ከዚያ ማንኪያ ይዛ ተመለሰች። ዝናቡ ግን ዝናብ አይደለም። የእኛ ይወርዳል፣ ይጮሃል፣ ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች። የእነሱ ሳይዘንብም ሳይተውም ይከርማል። ወደቡ ላይ ጭነት ማውረድ ሥራ አገኘሁ። የቡና ጆንያ ሲመጣ በአፍንጫዬ ነው የማውቀው፤ ከአገሬ ከሆነ እጄን ጣል ሳላደርግበት አላልፍም።

ወደ ቤት የምደውለው ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ካለው ባለ ጋራዥ ዘንድ ነው። ባለ ጋራዡ ልጅ ልኮ እናቴን ያስጠራልኛል። መስመሩ ላይ ጆሮ ሊኖር ስለሚችል የምናወራው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ነው። ግርማ ከሰሜን በሰው ሰላምታ መላኩንም ነገረችኝ፤ በሕይወት አለ። ጋሽ ሰይድን ስጠይቃት ግን መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "መንገድ ላይ ናቸው።" በጋ ስደውል መንገድ ላይ ናቸው፤ ክረምት ስደውል መንገድ ላይ ናቸው። ሾፌር ቢሆኑም ይህን ያህል መንገድ የለም። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሜቭራው ደረጃው ሥር ቆማ "ሻይ?" ትለኛለች።

እሳቸውን የሰማኋቸው በአንድ የፋሲካ ማግሥት ነው። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ናቸው።

"ደረጀ? እኔ ነኝ።"

አለቀስኩ። ከቤት ስወጣ ያላለቀስኩትን ጭምር አለቀስኩ።

"በቃ፣ በቃ። ሰው ጤና ሆኖ ይለቀሳል?"

"የት ነበሩ ጋሼ?"

"መጠየቅ ነበረብኝ አይደል? ተጠየቅሁ። ልጁ የት አለ ሲሉኝ፣ ወደ ባሕር የወሰዳችሁት እናንተ፣ የምትጠይቁኝ እኔን አልኳቸው።" ሳቁ፤ ሳሉም። ድምፃቸው ያረጀው ከታሰሩበት ነው እንጂ ከዕድሜያቸው አይመስለኝም። "አሁን ወጥቻለሁ። መኪናውን ለሌላ ሰጥተውብኛል፤ እዚሁ ጋራዡ ውስጥ የሌላ ሰው መኪና እጠግናለሁ። ደህና ነኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ለምኑ? ተርፈሃል። እንካ እናትህን።"

እናቴ እህል ትበላለህ ወይ አለች፤ እበላለሁ አልኩ። በእንግሊዝኛ ነው ወይ የምታልመው አለች፤ ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ከዚያ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

ምን ልበላት? ጋራዡ ውስጥ ብረት ሲቀጠቀጥ፣ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። አውሮፕላንም ሰማሁ መሰለኝ። የምለውን ስመርጥ የጋሽ ሰይድ ድምፅ ከጎኗ መጣ።

"ልጁን ለምን ታስጨንቂዋለሽ? እኔን ጠይቂኝ። ዋሱ እኔ አይደለሁ?"

"እሺ፣ እርስዎ ይንገሩኝ! መቼ ነው የሚመጣው?"

"ይመጣል።"

"ይመጣል አይደለም ያልኩት፤ መቼ ነው ያልኩት!"

መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ሁለቱ ሲከራከሩ አዳመጥኩ።