ኦርካ ልጠይቅ ዓሣ ይዤ ሄድኩ

ዓርብ፣ መነሻ

ከቬጋስ ጎን ካለችው ሄንደርሰን የተነሳነው ሦስት ሆነን ነው፦ እኔ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ሊያ እና ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ። እትዬ ዘይነባ የደሴ ሰው ናቸው፤ እንደኔው ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ትምህርት ሲዘጋ የሰፈራችንን ልጆች ሰብስበን አንድ ቦታ የምንወስደው እኛ ሁለታችን ነን። ዘንድሮ የመረጥነው ካሊፎርኒያ ያለ፣ ኦርካ የሚባሉትን ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎች በገንዳ የሚያስጨፍሩበት ፓርክ ነበር። ወላጆች ሁሉ ሲስማሙ ሊያ ብቻ እምቢ አለች።

"እማ፣ እስር ቤት ነው እኮ። ባህር ውስጥ ያሉትን መጀመሪያ እዩ፣ ከዛ ወስኑ።"

የገዛ ልጄ ቀርታ የሰው ልጅ ይዤ እንዴት ልሂድ? ለፓርኩ ሰኞ መልስ መስጠት አለብን። ሺፍት ተለዋወጥንና ኦርካዎች በነፃ ወደሚኖሩበት ባህር፣ ወደ ሲያትል በረርን።

ቬጋስን ለለመደ ሰው የሲያትል ዝናብ ጉድ ነው። መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን ስንነዳ መንገዱ ግራ ቀኙ ጥድ ብቻ ነው። አንድ ደረቅ ሳንድዊች አሥራ ስምንት ዶላር ስንባል እትዬ ዘይነባ፣ "ውስጡ ወርቅ ካለ ጥርሴን ልጠንቀቅ" አሉ።

ቅዳሜ፣ ባህር ላይ

ወደቡ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ሲሸጥ አገኘንና ሁለት ገዛሁ። ለጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ደግሞ በፓርኩ ቪዲዮ በየዝላዩ ዓሣ ሲወረውሩላቸው አይቻለሁ። በፌስታል ጠቅልዬ ኦርካ ለማየት በተሳፈርንባት ጀልባ ከመቀመጫዬ ሥር ደበቅኩት።

ጀልባዋ ሁለት ሰዓት ዞረች። ውሃ፣ ጉም፣ አንዳንድ ወፍ።

"ሊያ፣ ኦርካዎችሽ ዛሬ ኦፋቸው ነው መሰል" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"እትዬ፣ እነሱ ሥራ የላቸውም። ለዛ ነው የመጣነው።"

እትዬ ዘይነባ ወደኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰናይት፣ እውነቱን ልንገርሽ። የሰፈሩን ሰባት ልጅ እዚህ ድረስ አምጥተን ባዶ ባህር ልናሳይ ነው? ፓርኩ ይሻላል።" ሊያ ሰማች። ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

ያኔ ነው ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ የሰማነው። ካፒቴኑ ሞተር አጠፋ። ከሰው ቁመት የማያንስ ጥቁር ክንፍ ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ፤ ከኋላው ሁለት፣ ከዚያ አንዲት እናት ከነግልገሏ። እናቷ ላይ ነጭ የሆነው ቦታ ግልገሏ ላይ ገና ብርቱካን ቢጤ ነው። እናቷ ላይ ተለጥፋ ትከተላለች።

"ሱብሃነላህ!" አሉ እትዬ ዘይነባ። እኔ በደስታ ዓሣዬን መዥርጬ እጄን ስሰነዝር አስጎብኚዋ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ ክንዴን ያዘች።

"መመገብ ክልክል ነው!" ፌስታሉን አየችና ሳቀች። "ደግሞ እነዚህ ዓሣ አይበሉም። የሚያድኑት የባህር አንበሳ የሚባለውን እንስሳ ነው።"

በኀፍረት ሟሟሁ። ሊያ ግን ሳቋ ጀልባዋን ሞላት። አስጎብኚዋ ቀጠለች፦ ብዙዎቹ አድገውም ከእናታቸው አይለዩም፤ በገንዳ ያሉት ግን የሞተ ዓሣ ነው የሚሰጣቸው፣ ግልገል ከእናቱ ተነጥሎ ሌላ ፓርክ የተወሰደበት ጊዜም አለ። ከባህር ዳርቻ ቆሞ ያለ ክፍያ ማየት እንደሚቻልም ነገረችን።

እትዬ ዘይነባ ግልገሏን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ "እኛ ስንት ክፍል አጽድተን ሥራ ሲያልቅ ክሎክ አውት አድርገን ልጃችን ጋ እንገባለን" አሉ። "የገንዳዋ እናት ሺፍቷ መቼ ነው የሚያልቀው?"

ሰኞ፣ ቬጋስ

እሁድ ተመለስን፤ በማግሥቱ ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ከአንዷ እናት ቤት ወላጆቹ ተሰበሰቡ። ልጆቹን በፓርኩ ፈንታ ሲያትል እንውሰዳቸው ብለን ጀልባው ላይ የቀረጽነውን ቪዲዮ አሳየናቸው፤ እየተሻሙ አዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ የመንትዮቹ አባት፣ ግን አልተዋጠለትም።

"ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ባይመጡስ? ፓርኩ እኮ በሰዓቱ ያሳያል።"

እትዬ ዘይነባ ቀደሙኝ። "ባይመጡ ደግሞ ልጆቹ ይማራሉ። ፍጥረት ሁሉ እኛን ለማዝናናት አልተፈጠረም።"

እኔም ከዚህ መንገድ የቀሰምኩት ይኸው ነው፦ የምወደውን ነገር ባለበት ሄጄ ማየት፣ ካልመጣም ሳልቀየም መመለስ። እዚያው ፊታቸው ደውዬ የፓርኩን ጉዞ ካንስል አደረግኩ።

የመንትዮቹ አባት ራሱን እያከከ፣ በዚህ ሁሉ የቬጋስ ሙቀት፣ "እሺ፣ ለሲያትል ብርድ ለልጆች የሚሆን ወፍራም ጃኬት የት ነው የሚሸጠው?" አለኝ።