ብሎን እያላላ የሚመጣው ደንበኛ

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ጾም፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ሰውዬው የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፈተና ያ የሚሰረስር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሳላስበው ወደዚያች ዓርብ ተመለስኩ። ማስቲሽ ለእኔ የአባቴ ቤት ሽታ ነው።

ቤታችን መርካቶ፣ ከአብነት ሰፈር ወረድ ብሎ ነበር። አባባ በወጣትነታቸው ጣልያን ጋራዥ ውስጥ የቀሰሙትን ሙያ ይዘው፣ በግቢያችን በቆርቆሮ ጥላ ሥር ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔም ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ሽርጤን አገልድሜ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። የተነፈሰ ከመነዳሪ፣ ማለት የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ አውጥቼ፣ ነፍቼ፣ ውሃ በሞላው ሳፋ ውስጥ እየነከርኩ አረፋ የሚተፋውን ቦታ እፈልጋለሁ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ ጠፈፍ እስኪል እጠብቅና ቁራጭ ጎማ እለጥፍበታለሁ። ሥራውን እወደው ነበር፤ ከሰው ጋር አያነጋግርም። መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ ከወንበር ሥር መደበቅ የሚያምረኝ ልጅ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ግን ቤታችን ሰላም አልነበረውም። ታላቅ ወንድሜ ታምሩም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። በሰልፍ ሰበብ ጓደኞቹ እየታፈሱ ሲወሰዱ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በጓሮ በር ገባና አሮጌ ጎማ በምናስቀምጥባት ጓዳ ተደበቀ። ለጎረቤት «ጎጃም፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» አልን። የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር።

በዚያች ዓርብ ያንኳኳው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። የሚገፋው ብስክሌት የኋላ ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንፍሷል።

«ጭድ ተራ ነው የምሠራው። ጭድ ነጋዴ ነኝ» አለ።

ካፖርቱን አየሁት። አንዲት የጭድ ስባሪ እንኳ አልነበረችበትም።

ከመነዳሪውን አውጥቼ ነከርኩት። ዙሪያውን አገላበጥኩት። አረፋ የለም። ንፋሱ የወጣው በመሙያው፣ በቫልቮላው ነበር፤ እሱንም የሆነ ሰው በጣቱ አላልቶታል። አንገቴን ደፍቼ ቫልቮላውን መልሼ አጠበቅሁት። ሰውዬው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«አገራችሁ ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«ጎጃም።»

«ጎጃም ሰፊ ነው። የቱ ጋ?»

«ደብረ ማርቆስ አካባቢ» አሉ አባባ ከእኔ ቀድመው።

«የእናቷ አባትስ ማን ይባሉ ነበር? የነፍስ አባታችሁ የየት ደብር ናቸው? እህት ወንድም አላት?»

አባባ እጅ ላይ መፍቻው ባለበት ቆመ። «ልጄ እሷ ብቻ ናት» አሉ።

ማታ ወደ ጓዳው ሽሮ ሳስገባ ለታምሩ «ጆሮ ጠቢ መጥቶ ነበር» አልኩት።

«ጎማ አስተንፍሶ የሚመጣ ጆሮ ጠቢ?» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ ካንቺ ወሬ ለማውጣትማ ፒንሳ ያስፈልገዋል!»

«ወንድም አላት ወይ ብሎ ጠየቀ።»

የቆረሰውን እንጀራ ሳይጎርስ መልሶ አስቀመጠው።

ማክሰኞ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። የበልግ ዝናብ የመርካቶን መንገድ አቡክቶት ነበር። አሁን ደግሞ የኋላው ጎማ ብሎን ላልቶ ሰንሰለቱ ወልቋል። ብሎን በመንገድ ንቅንቅ ሲላላ ዝገቱ እንዳለ ይቀራል። የዚህኛው ጠርዝ ግን በፒንሳ ተፋፍቆ ያብለጨልጭ ነበር። ሰውዬው ብስክሌቱን ዞር ብሎም አላየው። የሚያየው የእኔን እጅ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ የእቃ ማጠቢያውን ሳፋ፣ ከዚያም የጓዳውን በር ነበር።

«ከትምህርት ቤት ስትመጪ ከማን ጋር ነው የምትመጪው?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

በዚህ መሐል ታምሩን ጓዳ ውስጥ ሳል ያዘው። አባባ መዶሻ አነሱና ምንም ያላጠፋውን ቸርኬ መቀጥቀጥ ያዙ። ሰውዬው ጆሮውን ይዞ እየሳቀ «ኧረ ቀስ፣ ጌታዬ! ገና ብዙ ያገለግላል» አላቸው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከሄደ በኋላ ታምሩ ካልወጣሁ ብሎ ተነሣ። አባባ በሩ ላይ ቆሙበት። «ሰውዬው መንገድ ላይ ቆሞ እየጠበቀህ ቢሆንስ?» አሉት። ተመልሶ ጎማዎቹ መሐል ተቀመጠ።

ዓርብ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አባባ የፍሬን ጎማ ሊገዙ ወጥተው ነበር። ብስክሌቱን መሪውን ይዤ ከእጁ ተቀበልኩት።

«አባትሽ አለመኖራቸው ደግ ሆነ» አለ። «እውነቱን ንገሪኝ። እኔ የመጣሁት ለእህቴ ልጅ ነው። ጸሐፊ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ቤቱን ልየው ብዬ ነው። አንቺን ወድጄሻለሁ፤ እጅሽ ሥራ ያውቃል፣ ዓይንሽ አይቅበዘበዝም።»

 በዚያ ዘመን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቱን አጥንት የሚቆጥር፣ ዘሯን እስከ ሰባት ቤት የሚያጣራ ሰው በሰበብ አስባቡ ይላክ ነበር። አጥንት ቆጣሪም ጆሮ ጠቢም የሚጠይቁት ያንኑ መሆኑን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም።

«ግን አንድ ነገር ከነከነኝ» ብሎ ቀጠለ። «ጎረቤት ወንድ ልጃቸው ጎጃም ሄደ ይላል። አባትሽ ወንድ ልጅ የለኝም ይላሉ። ሁለት ሰው ናችሁ፣ የምታጥቢው ሳህን ሦስት ነው። ጓዳ ውስጥ የሚያስል ሰው አለ። ከሰው የደበቃችሁት በሽተኛ ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁምጥና ነው?»

ለካ እሱም እኛን እየተጠራጠረን ነው የሰነበተው! «አይደለም» ብል «ታዲያ ማነው?» ይለኛል። «ወንድሜ ነው» ብል ወሬው ሳይመሽ አብነትን ይዞራል፤ ሳይነጋ ደግሞ ታምሩን ይወስዱታል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «አባባ ስለእሱ እንዲወራ አይወዱም።»

ወደ ኋላ ተራመደ። እኔ የያዝኩትን መሪ፣ ከዚያ የራሱን መዳፍ አየ። «እግዜር ይማረው» አለና ብስክሌቱን ጥሎልኝ ወጣ።

አባባ ሲመለሱ የሆነውን ነገርኳቸው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ስለ ዘራቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ የሚል ሰው ነበሩ።

«አጥንታችንን አሰደብሽው» አሉ። «ነገ መርካቶ ሙሉ ይሰማዋል። አንቺንስ ከእንግዲህ ማን ይጠይቅሻል?»

«ይስማ፣ አባባ። ከሰማ ማንም ወደ ጓዳችን አይጠጋም።»

አባባ ሲናገሩ መልስ የሰጠሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከጓዳ ውስጥ ታምሩ «በሽተኛውን ያማከረው የለም እንዴ?» ሲል ግን ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

ያ በሽታ በዘር እንደማይወርድ፣ በመድኃኒትም እንደሚድን ዛሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያኔ ግን ወሬው በቂ ነበር። ብዙ ደንበኛ ቀረብን፤ አባባ እስኪሞቱ ድረስ ይህ ከሆዳቸው አልወጣም። ለእኔም ለዓመታት ሽማግሌ የላከ አልነበረም፤ ትምህርቴን ጨረስኩ። ታምሩ ክረምቱ ሲገባ በሰላም ጎጃም ደረሰ። አሁን ሳስበው ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እሱ ለእህቱ ልጅ ተጠነቀቀ፣ እኛ ለታምሩ። ቢሆንም ዛሬም እንግዳ በሬ ላይ ሲቆም ከፊቱ በፊት ጫማውን አያለሁ፤ አቧራው መጣሁ ካለበት መንገድ ጋር ይስማማ እንደሆነ።

ሰውዬው ብስክሌቱን ጥሎልኝ በሄደ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ብስክሌቱን ወለወልኩት፣ ሰንሰለቱን ዘይት አጠጣሁት፣ የላላውን ሁሉ አጠበቅሁ። ከዚያ ጭቃውን እየዘለልኩ እየገፋሁ ጭድ ተራ ወሰድኩት። ሰውዬው እውነትም ጭድ ነጋዴ ነበር፤ አሮጌ ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩ ላይ ገለባ ተሰክቶ ነዶ ያስራግፋል። ሲያየኝ ክው አለ።

«እዚያ... እዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፊው» አለኝ ከሩቅ።

አስደገፍኩት። ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ቀና ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ብሎኖቹን አጥብቄያቸዋለሁ፣ ጋሼ። ሰው ካልነካቸው ከእንግዲህ አይላሉም» አልኩት።

መልሱን አልጠበቅሁም። ቤቴ ገባሁ፤ ሻይ አፍልቼ፣ ዳቦ ቆርሼ፣ የውጭውን በር እንደተከፈተ ትቼ፣ በጠራራው ፀሐይ ግቢውን አቋርጬ ለታምሩ ቁርሱን አስገባሁለት።