የዓለምነው ጉበትና ያለቦታው የገባው ፕሮቲን

ዓለምነው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነው። ሩዝ ያመርታል፣ ከብት ያረባል፤ ከእናቱ፣ ከሚስቱ ከፀደይና ከልጃቸው ከንጋት ጋር ይኖራል። የኩላሊት ጠጠር የጀመረው ገና ልጅ ሳለ ነው። ሲነሳበት ወገቡን ይዞ ካለበት ይንበረከካል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሲለቀው ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሰው ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል።

ከሕመሙ ይልቅ ያንገሸገሸው ምክሩ ነበር። ክረምት ላይ ሜዳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበት፣ እሱም እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዙን ሲያርም፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ "ውሃ አትጠጣም መሰል" ይለዋል። ይጠጣል። ከጠዋት እስከ ማታ ይጠጣል። "ከእኔ የበለጠ ውሃ የሚጠጣ በሬ ካለ አምጡልኝ" ይላል ሲመረው። ወረታ ወርዶ ሲታከም አንዱ ቲማቲም ተው አለው፣ ሌላው ወተት፣ ሌላው ጎመን። ሁሉንም ተወ። ባሕር ዳር ሄዶ በቀዶ ጥገና ጠጠሩ ወጣለት። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ያዘ።

አምና ጠጠሩ የሽንት ቱቦውን ዘግቶት ለጥቂት ተረፈ። ባሕር ዳር ዶክተር ሉሊትን ያገኛት ያኔ ነው። ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀችው፤ ከቤተሰቡ በልጅነቱ እንዲህ የታመመ አለ ወይ አለችው። የመለሱላት አብረውት የመጡት እናቱ፣ እማማ አልጣሽ ናቸው።

"ታናሽ እህት ነበረችው" አሉ። "ሽንት እምቢ ብሏት፣ ሰውነቷ አብጦ ሞተች። ጡት እንኳ አልጣለችም ነበር።"

ሐኪሟ ደም ወሰደች። ናሙናው ውጭ አገር ይላካል ተባለ። ከዚያ በኋላ ሥራው መመላለስ ሆነ። ዓለምነው አረሙን ጥሎ ይሄዳል፣ "አልደረሰም" ይሉታል። ደግሞ ይሄዳል፣ ሐኪሟ ስብሰባ ናት። ደግሞ ይሄዳል፣ መብራት ጠፍቷል። "ተወው በቃ" አለችው ፀደይ። "ከተውኩት እኮ እስካሁን የተመላለስኩት ሁሉ ለከንቱ ሊሆን ነው" አላትና በማግስቱ ተመልሶ ሄደ።

ውጤቱ በመጣ ዕለት ዓለምነውና እናቱ አብረው ነበሩ። ዶክተር ሉሊት ወንበሯን አስጠጋች።

"ጉበትህ ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ" አለችው። "ሥራው ጠጠር የሚሆነውን ነገር ገና ሳይፈጠር ማስቀረት ነው።"

"እሺ። የእኔ ጠፍቷል?"

"አልጠፋም።"

"ተበላሽቷል?"

"መሥራቱን ይሠራል። ግን ያለቦታው ነው የገባው።"

ዓለምነው እናቱን አየ፤ መልሶ ሐኪሟን አየ። "የት ሄዶ?"

"ሩቅ አልሄደም፣ እዚያው ሴሉ ውስጥ ነው። ሴል ማለት ሰውነታችን የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ነው። ውስጡ ክፍል ክፍል አለው። ፕሮቲንህ ሥራው የሚጠብቀው በአንደኛው ክፍል ነው። እሱ ግን ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ሌላ ክፍል ይገባል። እዚያ ሆኖ ምንም አይጠቅምህም።"

"ምን አስገባው?"

"ሳይጣመድ ስለሚቆይ ነው። የጤነኛ ሰው ፕሮቲን እንደተሠራ ቶሎ ይታጠፍና ከመሰሉ ጋር ሁለት ሁለት ሆኖ ይጣመዳል። የማይቶኮንድሪያ በር ጠባብ ነው፤ የተጣመደ አያሳልፍም። ያንተው ለመጣመድ ይዘገያል። ነጠላውን ሲቆይ በዚያ በር ተስቦ ይገባል።"

"ሳይጠመድ ያደረ በሬ የሰው ማሳ እንደሚገባው።"

"እንደዚያ በለው።"

እማማ አልጣሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "ከእኔ ነው የወሰደው?"

"ከእርስዎም ከአባቱም ነው፣ እናቴ። ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ አያሳምምም፤ እናንተ ያልታመማችሁት ለዚያ ነው። እሱ ከሁለታችሁም ወረሰ።"

ዓለምነው ግን ፊቱ ጠቁሯል። "ይኼን ሁሉ ዘመን ቲማቲም ያስተዉኝ፣ ጎኔን የቀደዱኝ፣ ነገርየው እዚያው ተቀምጦ ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ አውጡና ቦታው አስገቡታ።"

"የገባውን ማውጣት አንችልም። ገና የሚሠራው ቶሎ ታጥፎ እንዲጣመድ የሚያግዝ መድኃኒት ግን አለ። ቫይታሚን ቢ ስድስት ይባላል።"

"ቫይታሚን?"

"ቫይታሚን።"

ማዘዣውን ተቀብሎ ወጣ። ሚኒባሱ ውስጥ እናቱ በመስኮት እያዩ፣ "እህትህም ቫይታሚን አጥታ ነው የሞተችው ማለት ነው?" አሉት። ለሐኪሟ ያልደበቀው ቁጣ እዚያ ላይ ጥሎት ሄደ። "እኔ እንጃ፣ እማዬ። ያኔ ማን ያውቅ ነበር" አላቸው።

ወረታ ፋርማሲ ደግሞ ባለሙያዋ የታዘዘለትን መጠን አይታ ተጠራጠረች። "ይኼ እኮ ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ፣ ወይም ከሳንባ መድኃኒት ጋር የሚሰጥ ነው። ለኩላሊት ነው ያልከኝ?" ከኋላው የቆመ የአገሩ ሰው ከዚህ ሁሉ የሰማው "ሳንባ" የሚለውን ብቻ ነው። ወሬው ዓለምነው ቤቱ ሳይደርስ ቁሐር ገባ፤ ዓለምነው የሳንባ ነቀርሳ ይዞታል ተባለ።

ይህን ያወቀው በጎረቤቱ በአያ ደሴ ማሳ ወንፈል በወጡ ጊዜ ነው። ጠላው ሲቀዳ ለሰው ሁሉ በዋንጫ፣ ለእሱ ለብቻው በቆርቆሮ ጣሳ መጣለት።

"አያ ደሴ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"እንግዲህ... ለጤናህ ብለን ነው።"

ዓለምነው ማስረዳት ጀመረ። ጉበቱን አነሳ፣ ክፍሉን አነሳ፣ ስለ ጠባቡ በር አወራ፣ ስለሚጣመደውና ስለማይጣመደው አወራ። ሰዎቹ አረማቸውን ትተው አዳመጡት። ሲጨርስ አያ ደሴ ጥቂት አሰቡና፣ "በሬህን ነው ያመመው?" አሉ። የሳቀ ሳቀ። ዓለምነው ጣሳውን ድንበሩ ላይ አስቀምጦ ከማሳው ወጣ።

በማግስቱ ፀደይ የአያ ደሴን ሚስት ሸዋነሽን አግኝታ ተመለሰች። "ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ነቀርሳ አለበት የሚልህ የለም" አለችው።

"ምን ብለሽ አስረዳሻት?"

"ኩላሊቱን ነው፣ አይተላለፍም፣ ልጄም ከእሱ ጋር ነው የምትበላው አልኳት።"

"ስለ ፕሮቲኑስ?"

"እሱን ማን ጠየቀኝ?"

ዓለምነው ረጅም ተነፈሰ። እውነትም የጠየቀው አልነበረም።

እንክብሉን ሳያቋርጥ ወሰደ። በጥቅምት ዶክተር ሉሊት ሽንቱን መርምራ ጠጠር የሚሆነው ነገር በግማሽ መቀነሱን ነገረችው።

"ግማሽ ብቻ?"

"ግማሽ ብዙ ነው። አዲስ ጠጠር የለህም። የተጎዳው ኩላሊትህ ግን አይመለስም፤ እሱን አልዋሽህም።"

የንጋትንም ሽንት አስመረመረ፤ ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሟ በዓመቱ መልሰህ አምጣት ስትለው፣ "ደግሞ መመላለስ?" አለ፤ ቀጠሮውን ግን ያዘ። ያን ጊዜ ሩዙ ደርሶ ነበር። አጨዳውን ሲጀምር ወገቡ አልያዘውም፤ የደከመው እንደ ማንኛውም አጫጅ ነው። ማታ እናቱ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠቡለት እንዴት ዋልክ ሲሉት፣ "ደክሞኛል" አለ፤ "ድካም ብቻ ነው።"