የበረዶ ገና

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬ የልጅ ልጅ ከፍሪጅ በረዶ አውጥታ በፌስታል ቋጠረችና፣ «አባባ፣ እባክዎ ጉልበቱ ላይ ይያዙለት፣ አብጦበታል» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቅዝቃዜው መዳፌን አልፎ አጥንቴ ሲደርስ የባሕር ዛፍ ሽታ መጣብኝ። እርጥብ፣ በበረዶ የተቀጠቀጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ። ጓደኛዬ አልጋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል።

ልንገርህ። ጉለሌ ውስጥ የበረዶ ሆኪን ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። አይደለም የሚል ካለ ይምጣ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንግሊዝኛውን እንኳ ከስኳር መጠቅለያ ነው የለቀምኩት። የሰፈራችን ባለሱቅ አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት እየቀደደ ስኳር ይጠቀልል ነበር፤ ስኳሩን ለእናቴ አስረክቤ ወረቀቱን ለራሴ አስቀራለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ጨዋታ የሚያወራ ሁለት ገጽ ደረሰኝ። ሥዕል የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ። በተዋስኩት መዝገበ ቃላት ሳምንት ሙሉ ታግዬ ተረጎምኩት።

ከዚያ ጓደኞቼን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር ባለችው ሜዳ ሰበሰብኳቸው።

«ያው ገና ነው» አልኳቸው። «እንደኛው በቆልማማ ዱላ ነው። ግን የእንጨት ሩር የለም፤ የሚመታው ክብ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው። በየወገኑ ስድስት ሰው፣ በረኛውን ጨምሮ። ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ። ከጎማው ቀድሞ ተጋጣሚ ክልል መግባት ክልክል ነው። በትከሻ መግፋት ይቻላል፤ በዱላ መጥለፍ ግን ያስቀጣል። ያጠፋ ሰው ሁለት ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል። በረኛው ካጠፋ ግን በሩን አይለቅም፤ ሌላ ሰው ይቀመጥለታል።»

«ይኼማ ለበረኛ ያደላል» አለ የሸማኔው ልጅ።

«በረኛው እኔ ነኝ» አልኩ። ሳቁብኝ።

የሸማኔው ልጅ የምልህ ይኸው ትናንት ጉልበቱን የያዝኩለት ጓደኛዬ ነው። አባቱ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ እሱም ሙያውን ሊረከብ እጁን እያፍታታ ነበር። በሩጫ የሚደርስበት አልነበረም። እኔን «ፕሮፌሰር» ይለኛል።

«እሺ ፕሮፌሰር፣ እግራቸው ላይ ምን ያደርጋሉ?»

እዚህ ላይ መዝገበ ቃላቱ አስቸግሮኝ ነበር። እግር ላይ የሚደረገውን ነገር የእንግሊዝኛ ስም ብፈልገው «የዓሣ ዓይነት» ይላል። «የዓሣ ቆዳ ጫማ» አልኩ፣ ሳላመነታ።

«ጉለሌ ዓሣ ከየት ይመጣል?»

«ሶሉ ያለቀ ኮንጎ ጫማ ይበቃል። ዋናው መንሸራተቱ ነው።»

«ሜዳውስ?»

«በረዶ።»

የሁሉም ነገር መነሻ ይህች ቃል ናት። በእኛ አፍ ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፣ ፈረንጅ አገር እንደ መስታወት የሚነጠፈውም በረዶ ነው። ያኔ በሰፈራችን ፍሪጅ ያለው ሰው አልነበረም። የምናውቀው በክረምት ቆርቆሯችንን የሚደበድበውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ጎሚስታ ካረጀ የመኪና ጎማ ክብ ቆርጦ ሰጠንና በረዶ እስኪጥል ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት ጣለ። ጆሮ እስኪደነቁር ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ቆየና ድንገት አቆመ። ስንወጣ ሜዳዋ ነጭ ሆናለች። ፀሐይ ብልጭ ስትልባት ዓይን ትወጋለች። እኔ በሁለት ድንጋይ መሀል ቆምኩ። የሸማኔው ልጅ ዱላውን ይዞ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ።

«ፕሮፌሰር፣ ይኼ እኮ እንደ ሽምብራ ከእግር ሥር ይሽከረከራል። ይቅርብን።»

«ፈራህ?» አልኩት።

ይህንኑ ብቻ ነው ያልኩት።

እየበረረ መጣ። ዱላውን አነሳ፣ መታ፣ ኮንጎው ከዳው። ጉልበቱ ሲሰበር ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ነው የመሰለኝ። ጎማው በሁለት እግሮቼ መሀል አለፈ። ዞሬ አላየሁም።

«ገባ?» አለኝ መሬት ላይ እንደወደቀ፣ ከመጮሁ በፊት።

«አልገባም» አልኩት።

ከዚያ ጮኸ። እኔ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ለአንድ ጉልበት የሚሆን ነገር አላውቅም ነበር። እጁን ይዤ ቆምኩ። በረዶው ሥሩ እየቀለጠ፣ ሜዳዋ ዓይናችን እያየ ጭቃ ሆነች። ተሸክመን ቤቱ ስናደርሰው አባቱ ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ ቀና ብለው አዩን።

«የትኛው እግሩ ነው?»

«ቀኙ ነው፣ ጋሼ።»

ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫዎቹ ላይ ወዳረፉት ሁለት እግሮቻቸው አዩ። ምነው በሰደቡኝ።

ወጌሻው አሽቶ በቀርከሃ አሰረው። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፈም። የማይታጠፍ እግር ጉድጓድ አይገባም፣ መርገጫም አይረግጥም። ሌላው የሠራውን ነጠላ እየሸጠ፣ ቀኝ እግሩን ወደ መንገዱ ዘርግቶ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ተቀመጠ። ባለፍኩ ቁጥር ይጣራል፦ «ፕሮፌሰር፣ ገባ?» «አልገባም!» እላለሁ። እንስቃለን። ሰላምታችን ሆኖ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ እውነተኛውን ጨዋታ አብረን አየነው። መስታወት የመሰለ ሜዳ፣ ጫማቸው ሥር ስለት ያለው ብረት። ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አየህ፣ ዓሣ አይደለም» አለ ብቻ።

ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ነገር ከአእምሮው ይጠፋበታል። «ገባ?» ማለቱንም ትቶታል። ትናንት በረዶውን እንደያዝኩ እኔው ራሴ የተረጎምኩት ሕግ ትዝ አለኝ። በረኛው በሩን አይለቅም፤ ሌላ ሰው ይቀመጥለታል።

ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

«ገባ» አልኩት። «ያኔ ገብቷል። በእግሮቼ መሀል ነው ያለፈው።»

ዓይኑን ገለጠ። ለረጅም ጊዜ፣ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ ሰው አየኝ።

«ምኑ?» አለኝ።

ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቢሆንም ከጉልበቱ ላይ አላነሳሁትም።